ከባሕር ማዶ የመጣውን አያት ፍለጋ

በኒው ዮርክ ከተማ፣ የማንሃተን ደሴት በደቡብ በኩል በሚያልቅበት ስፍራ ባተሪ ፓርክ የሚባል መናፈሻ አለ። ከዚያ የምትነሣው መርከብ አስቀድማ የነጻነት ሐውልት ወደ ቆመበት ደሴት ታደርሳለች፤ አብዛኛው አገር ጐብኚ በዚያ ወርዶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ቀጥላ የምትሄደው ግን ወደ ኤሊስ ደሴት ነው። እዚያ የሚወርዱት ሰዎች ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛዎቹ ለማየት የመጡ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ለመፈለግ የመጡ ናቸው፤ እነዚህኞቹን ለይቶ ለማወቅ አያስቸግርም፤ የታጠፈ ወረቀት ይይዛሉ፤ በወረቀቱም ላይ አንድ ስም በሁለትና በሦስት ዐይነት አጻጻፍ ሰፍሮበታል።

ከፈላጊዎቹ ብዙዎቹ የኢጣልያውያን የልጅ ልጆች ናቸው። ከ1880 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ከ4 ሚሊዮን የሚበልጡ ኢጣልያውያን ወደ አሜሪካ ገብተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «የእኛ» ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አብዛኞቹ ከናፖሊ ወዲያ ካለው የደቡብ አገርና ከሲሲልያ ደሴት የወጡ፣ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ግብሩና ድካሙ የእነርሱ የነበረ ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ተማሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ኢጣልያንኛውን ረሱት፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ትውልድ ላይ ከቀድሞው ነገር የቀረው የምግብ ስምና አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ሆነ፤ «አያታችን የመጡት ከናፖሊ ነው» የምትል።

ይህች ዐረፍተ ነገር ብዙ ፈላጊ አሳስታለች። ናፖሊ ወደብ ናት። ከካላብርያ ተራራ የወረደውም፣ ከባዚሊካታ የመጣውም፣ ከአቬሊኖ ገጠር የተነሣውም መርከብ የሚሳፈረው ከዚያ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በቦሌ አውሮፕላን የተሳፈረውን ሰው የቦሌ ተወላጅ ነው እንደ ማለት ነው።

እኛ አገር አንድ ሰው ሊያገባ ሲል ሰባት ቤት ይቈጠራል። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንዝላት እያሉ ሽማግሌዎች ያለ ወረቀት ያወርዱታል። የባሕር ማዶው የልጅ ልጅ ግን ሽማግሌው ከሞቱበት የቀረው ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱም መልሶ አንድ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ «መንደሩ ማን ይባላል?» የኢጣልያ የልደትና የጋብቻ መዝገብ የሚያዘው በየማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ፣ የአያቱን ስም አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንኳ መንደሩን ካላወቀ የትኛውን በር እንደሚያንኳኳ አያውቅም። ፍለጋው ሁሉ በመጀመሪያ ያችን የመንደር ስም ለማግኘት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በኤሊስ ደሴት የስደተኞች መቀበያ ጣቢያ የተከፈተው በጃንዋሪ 1 ቀን 1892 ነው። ያን ጊዜ የተሠራው ቤት የእንጨት ስለ ነበረ በጁን 1897 በአንድ ሌሊት ነደደ። የሞተ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ከ1855 ጀምሮ የተጠራቀመው የስደተኞች መዝገብ አብሮ ዐመድ ሆነ። ደግነቱ የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ለብቻው ይዞት የነበረው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሌላ ስፍራ ስለ ተቀመጠ ተረፈ። ዛሬ የሚታየው የሸክላና የድንጋይ ሕንፃ በዲሴምበር 17 ቀን 1900 ሥራ ጀመረ። ጣቢያው በ1954 እስኪዘጋ ድረስ በደሴቲቱ ላይ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አልፏል። በአንድ ቀን ብቻ፣ በኤፕሪል 17 ቀን 1907፣ 11,747 ሰዎች ተመዝግበዋል። ከ1990 ወዲህ ሕንፃው ሙዚየም ነው።

በአንደኛና በሁለተኛ ማዕርግ የተሳፈሩት እዚያው መርከቡ ላይ ተጠይቀው፣ ሕመም ካልተገኘባቸው በቀር በቀጥታ ከተማ ይገቡ ነበር። ወደ ደሴቲቱ የሚወሰደው በመርከቡ ሆድ ውስጥ ተጨናንቆ የመጣው የሦስተኛ ማዕርግ ሰው ነው። ጓዙን እንደ ተሸከመ ደረጃውን ሲወጣ ሐኪሞች ከላይ ሆነው ያዩታል፤ ማን እንደሚያነክስ፣ ማን እንደሚያለከልክ። ጥርጣሬ የተነሣበት ሰው በልብሱ ላይ በጠመኔ የፊደል ምልክት ይደረግበታል፤ አንዱ ፊደል ለልብ፣ ሌላው ለዐይን፣ ሌላው ለእግር። የዐይኑን ቆብ ገልብጠው ትራኮማ መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ። ከመቶው ወደ ሁለት የሚጠጋው ብቻ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ቊጥሩ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባል ሲገባ ሚስት፣ እናት ስትገባ ልጅ የተመለሰበት ቤት ነበረ።

ከደረጃው በላይ ያለው ታላቁ አዳራሽ ዛሬ ባዶ ነው፤ ጥቂት የእንጨት አግዳሚ ወንበሮች ብቻ ቀርተውበታል። ጣሪያው እንደ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት የታጠፈ ነው። ድምፅ ስለሚያስተጋባ ጐብኚው ሳያስበው ቀስ ብሎ ይናገራል። በዚህ አዳራሽ ከ1907 እስከ 1910 ቀን አስተርጓሚ ሆኖ እየሠራ፣ ማታ ማታ ሕግ የሚማር አንድ ወጣት ነበረ። ስሙ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ ይባላል፤ አባቱ በፎጃ አውራጃ የቼሪኞላ ተወላጅ ነበሩ። ይህ የማታ ተማሪ በኋላ ከ1934 እስከ 1945 የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኗል፤ ከከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያዎችም አንዱ በስሙ ይጠራል።

አስተርጓሚውን ያነሣሁት ለታላቅነቱ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ውስጥ በየኢጣልያዊው ቤት የሚነገር አንድ ተረት አለ፤ «ስማችንን የለወጠው በኤሊስ ደሴት የነበረው ሹም ነው፤ የአያታችን ስም አልያዝለት ቢል ያሻውን ጻፈ» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። የደሴቲቱ ሹም ስም አይጽፍም፤ የተጻፈ ስም እያነበበ ያመሳክራል እንጂ። የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር የሚሞላው በመነሻው ወደብ፣ በናፖሊ ወይም በጄኖቫ ወይም በፓሌርሞ የመርከብ ኩባንያው ጸሓፊ ነው፤ እርሱም ኢጣልያዊ ስለሆነ ስሙን አጣርቶ ያውቀዋል። በአንድ ገጽ ሠላሳ ሰው ይመዘገባል። ተሳፋሪው የገጹና የመስመሩ ቊጥር ያለበት ቁራጭ ወረቀት በልብሱ ላይ ይንጠለጠልበታል፤ ደሴቲቱ ላይ ሲደርስ ሹሙና አስተርጓሚው በዚያው ቊጥር ያገኙታል።

ስሙን የለወጠው እንግዲህ ማነው? ብዙ ጊዜ ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ለአሠሪው እንዲቀል፣ ወይም ለትምህርት ቤት፣ ወይም ለገበያ። የዘፋኙ የፍራንክ ሲናትራ አባት በሲሲልያ ድኝ ከሚወጣባት ከሌርካራ ፍሪዲ የመጡ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ በቦክስ ግጥሚያ የሚሰለፉት ግን «ማርቲ ኦብራየን» በሚል የአይርላንድ ስም ነበር። ከመዝገቡ ላይ ስሙ የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት አለ። መዝገቡ በ2001 ለሕዝብ በኮምፒዩተር እንዲታይ ሲደረግ ስሞቹን ከጥንቱ የእጅ ጽሕፈት ያነበቡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ኢጣልያንኛ የማያውቅ ሰው የደበዘዘ ቀለም ሲያነብ አንዱን ፊደል በሌላ ቢተካ አይፈረድበትም። ስለዚህ «ስሙ የለም» የሚል መልስ ያገኘ ፈላጊ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም፤ በዕድሜው፣ በመርከቡ፣ አብረውት በመጡት ሰዎች በኩል ይዙርበት። ሚስትየውንም በባልዋ ስም ብቻ አይፈልጋት፤ ኢጣልያዊት ሴት ብዙ ጊዜ የምትሳፈረው በአባቷ ስም ነበር።

ገጹ ከተገኘ የሚነግረው ብዙ ነው። ዕድሜ፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ መቻሉ፣ የቲኬቱን ዋጋ የከፈለለት ሰው፣ በኪሱ ስንት ዶላር እንደያዘ፣ ከማን ዘንድና በየትኛው መንገድ ቊጥር ስንት ቤት እንደሚያርፍ ሁሉ ተጽፏል። ኢጣልያዊውን «የሰሜን» ወይም «የደቡብ» ብሎ እንደ ሁለት የተለያየ ዘር የሚከፍል ዓምድም ነበረ፤ በዚያ ዘመን የነበረውን የአሜሪካኖች አስተያየት ከዚህ ይልቅ የሚገልጥ ነገር አላውቅም። ከ1907 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ለፈላጊው ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት ዓምዶች ተጨመሩ። አንዱ የተወለደበት ከተማ ነው። ሌላው በአገር ቤት የቀረው የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ ነው። ለመቶ ዓመት ቤተ ሰቡ የረሳት መንደር ብዙ ጊዜ የምትገኘው «አባቱ፣ አንቶንዮ» ከሚለው ቃል አጠገብ ነው።

ገጹ ካልተገኘ ወይም ስደተኛው ቀደም ብሎ የመጣ ከሆነ በአሜሪካ ውስጥ ያሉ ሌሎች ወረቀቶች አሉ። በ1900፣ በ1910ና በ1920 የተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የመጣበትን ዓመትና ዜግነት መውሰድ አለመውሰዱን ይጠይቃል። ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የዜግነት ማመልከቻው ነው። ከ1906 በፊት ዜግነት በየፍርድ ቤቱ በየፈቀደው ፎርም ይሰጥ ስለ ነበረ ወረቀቱ «የኢጣልያ ንጉሥ ዜጋ» ከማለት ብዙም አያልፍም። በ1906 የወጣው ሕግ አንድ ወጥ ፎርም አዘዘ፤ ከዚያ በኋላ የተወለደበት ስፍራና ቀን፣ የመጣበት መርከብና ዕለት መጻፍ ግዴታ ሆነ።

በዚህ ወረቀት ላይ ያለችው ቀን ትልቅ ነገር ትወስናለች። የኢጣልያ ዜግነት በትውልድ ይወርዳል። አያትየው የአሜሪካን ዜግነት የወሰደው ልጁ ከመወለዱ በፊት ከሆነ ሐረጉ ተበጠሰ፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ከሆነ ግን ለልጁ ደርሷል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1992 የወጣው የዜግነት ሕግም ለትውልድ ቊጥር ወሰን ስላላደረገ፣ በአርጀንቲና፣ በብራዚልና በአሜሪካ የሚኖሩ እጅግ ብዙ ሰዎች የምንዝላታቸውን የልደት ወረቀት ይዘው በየቈንስላው ደጅ ተሰለፉ። በማርች 28 ቀን 2025 ግን የኢጣልያ መንግሥት አስቸኳይ ድንጋጌ አወጣ፤ ምክር ቤቱም በሜይ ወር ሕግ አድርጎ አጸደቀው። ከዚያ ወዲህ በባሕር ማዶ ለተወለደ ሰው በአጠቃላይ የሚታሰበው የወላጅ ወይም የአያት ኢጣልያዊነት ነው፤ ያም ወላጅ ወይም አያት የኢጣልያ ዜግነት ብቻ የያዘ ወይም እስኪሞት የያዘ መሆን አለበት። አምስትና ስድስት ዓመት ወረቀት ሲሰበስብ የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ወረቀቱ ለቤተ ሰብ ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀረለት። ሕጉ ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለሕግ ዐዋቂዎች እተወዋለሁ፤ እኔን የሚያስገርመኝ ከዚያም በኋላ ፈላጊው አለመቅረቱ ነው።

አሁን መርከቡን ወደ ኋላ መልሰን ባሕሩን እንሻገር። በናፖሊ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ መንገዱ ጠባብ በሆነበትና ልብስ ከመስኮት ወደ መስኮት በተሰጣበት ሰፈር፣ የጥንት የቤኔዲክታውያን ገዳም የነበረ ታላቅ ሕንፃ አለ። የናፖሊ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይኸው ነው። ከግቢዎቹም አንዱ በዛፉ ስም «የፕላታኖ ግቢ» ይባላል። በደቡብ ኢጣልያ የሲቪል መዝገብ የተጀመረው በ1809 በፈረንሳዮች ዘመነ መንግሥት ነው፤ በሲሲልያ በ1820 ቀጠለ፤ አገሪቱ አንድ ከሆነች በኋላ ደግሞ ከ1866 ጀምሮ ለመላው መንግሥት አንድ ደንብ ሆነ። ከዚያ በፊት ያለውን የሚይዘው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው። ይህን ዐይነት መዝገብ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 (የእኛ) «የክብር መዝገብ» ሲል ሰይሞታል፤ ስሙን እወደዋለሁ። ሕጉ ስሙን ቢያወጣለትም በአገር አቀፍ ደረጃ የልደትና የሞት ምዝገባ የተጀመረው ግን በነሐሴ 2008 (የእኛ) ነው።

የኢጣልያው ደንብ ብልኅነት መዝገቡ በሁለት ቅጅ እንዲጻፍ ማዘዙ ነበር። አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ ይቀራል፤ ሁለተኛው ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ይላካል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ወደ መንግሥት ቤተ መዛግብት ይገባል። በዲሴምበር 28 ቀን 1908 የመሬት መንቀጥቀጥ መሲናን ሲያፈርስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ማዘጋጃ ቤቶች ሲቃጠሉ፣ ብዙ ስፍራ አንደኛው ሲጠፋ ሁለተኛው ተርፏል። ጥንቃቄም ሁልጊዜ አያድንም። ከናፖሊው ቤተ መዛግብት እጅግ የከበሩት ሰነዶች ከቦምብ እንዲድኑ ብለው ወደ ገጠር አውጥተው ቢያኖሯቸው፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1943 የጀርመን ወታደሮች እዚያው አቃጠሏቸው። ከተማ ውስጥ የቀሩት ተራ መዝገቦች ግን አሉ፤ የነገሥታቱ ወረቀት ነዶ የገበሬው ልደት ተረፈ። ዛሬ ከነዚህ መዝገቦች ብዙዎቹ «አንተናቲ»፣ ማለት «ቀደምት አያቶች»፣ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይታያሉ።

አንዱን የልደት ገጽ እናንብብ። ፎርሙ የታተመ ነው፤ ባዶው ስፍራ በእጅ ተሞልቷል። ቀኑና ሰዓቱ እንዳይፋቅ በፊደል ተጽፏል። በሹሙ ፊት የቀረበው አባት ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራው፣ ሰፈሩ ተነግሯል፤ ሥራው ብዙ ጊዜ «ኮንታዲኖ»፣ ገበሬ፣ ወይም «ብራቻንተ»፣ የቀን ሠራተኛ ነው። በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቤት፣ ከሚስቱ ከእገሊት ወንድ ልጅ እንደ ተወለደለት ያስታውቃል፤ ለልጁም ስም ያወጣል። ሁለት ምስክሮች አሉ። መጨረሻ ላይ አባትየው መጻፍ ስለማይችል አልፈረመም ይላል። ፈርሞ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ የልጅ ልጁ በሦስቱ የተንጋደዱ ፊደላት ላይ ሰዓት ሙሉ ዐይኑን ተክሎ ይቀመጣል።

ለእኛ አንባቢ ይህ መዝገብ እምብዛም እንግዳ አይሆንበትም። ሰውየው «የአንቶንዮ ልጅ ጁሴፔ» ተብሎ በአባቱ ስም ይለያል። በስሞቹ መካከል ያለችው ትንሽ ቃል «ዲ» ከሆነች አባትየው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ «ፉ» ከሆነች ሞቷል። በሁለት ፊደል የአባትየውን የሞት ጊዜ ለመገመት ይቻላል። ሚስትም እንደ እኛው አገር ሴት እስክትሞት ድረስ በመዝገብ የምትጠራው በአባቷ ቤት ስም ነው። የሚያደናግረው ሌላ ነገር ነው። የበኵሩ ወንድ ልጅ የአባትየውን አባት ስም፣ ሁለተኛው የእናትየውን አባት ስም እንዲይዝ ልማድ ስለ ነበረ፣ አራት ወንድማማቾች ለየበኵሮቻቸው አንድ ስም ያወጣሉ። በአንዲት ትንሽ መንደር በአሥር ዓመት ውስጥ የተወለዱ አራት ጁሴፔዎች አንድ ዐይነት የቤተ ሰብ ስም ይዘው ቢገኙ የሚለያቸው የእናታቸው ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ፈላጊ እናትየውን ሳያገኝ «አገኘሁት» አይልም።

ሐረጉ ከዚያ በላይ የማይሄድበትም ጊዜ አለ። በናፖሊ በአኑንዚያታ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሽከረከር የእንጨት ሣጥን ነበረ፤ ማሳደግ ያልቻለች እናት ሕፃኑን በሌሊት በዚያ አኑራ ትሄዳለች። ሣጥኑ የተዘጋው በ1875 ነው። ኤስፖዚቶ የሚለው የቤተ ሰብ ስም፣ ትርጓሜው «የተጣለ» እንደ ማለት፣ ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት ይሰጥ የነበረ ነው። ዛሬ በናፖሊ ከሚበዙት ስሞች አንዱ ሲሆን የሚያፍርበት የለም።

ወረቀት የሌለው ግን ባለማወቅ ወይም በቃጠሎ ብቻ አይደለም፤ ሕግ ከልክሎት የቀረም አለ። ይህ ወደ እኛ አገር ይመልሰናል። ከኤርትራ ቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ፣ በተለይም ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ጊዜ፣ ከኢጣልያዊ ወታደርና ሠራተኛ አባት፣ ከኢትዮጵያዊት ወይም ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ብዙ ልጆች ነበሩ። በ1937 የፋሺስት መንግሥት ኢጣልያዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣ፤ በሜይ 1940 ደግሞ አባት እንዲህ ያለውን ልጁን በሕግ እንዳይቀበል ከለከለ። ሕጉ ከጦርነቱ በኋላ ቢሻርም፣ በዚያ መካከል ወደ አገሩ የተመለሰው አባት ብዙ ነው። ልጁ የያዘው አንድ ፎቶግራፍና እናቱ እንደሰማችው የምትጠራው ስም ሊሆን ይችላል። የልደት ወረቀቱ ላይ አባት የለም። የአሜሪካው የልጅ ልጅ መርከብና መንደር ሲፈልግ፣ ይህኛው የሚጀምረው ከኢጣልያ የወታደር መዝገብ ነው፤ በየቤተ መዛግብቱ የወንዶች የምልመላ ዝርዝር በትውልድ ዓመትና በአውራጃ ተጠብቋል። ስምና ዓመት ለያዘ ሰው በር ይከፍታል። ሰውየውን ማግኘት ግን አባትነቱን በሕግ ማስመስከር አይደለም፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፤ በዕድሜ የገፉ ልጆች ሳይፈጽሙት ያለፉበት።

መንደሩን ያወቀ ፈላጊ በመጨረሻ የሚደርሰው ከማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ነው። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከቀትር በኋላ በብዙ ትንንሽ ከተሞች መስኮቱ ይዘጋል፤ በኦገስት ወር መሄድማ ድካም ነው። ስምና ዓመት በንጹሕ ተጽፎ ከቀረበለት የመዝገቡ ጸሓፊ ወፍራሙን ጥራዝ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ እንግዳው ቋንቋ ባይችልም ጸሓፊው ስሙን በጣቱ እየተከተለ ያነብለታል፤ ብዙ ጊዜም «ይህ ስም ያላቸው ሰዎች ከፏፏቴው በታች ይኖራሉ» ብሎ ይጠቁመዋል። ፈላጊው ከአሜሪካ ያመጣው የጋብቻ ወረቀት ተተርጕሞና ማረጋገጫ ማኅተም አርፎበት ከሆነ፣ በደንቡ መሠረት ይመዘገባል፤ በልደቱ ገጽ ኅዳግ ላይም በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከተማው፣ ቀኑ፣ የሚስቱም ስም በአባቷ ቤት ስም።